ወደ ኋላ የወጣችው መኪና

ጥቅምት 3
ሁለት ራዲዮ ጠገንኩ፣ አንድ ማራገቢያ አበላሸሁ። ደህና ቀን ነበር።
ፒንሳ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሱቄ መጣች። የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመቷ ሳለ ፒንሳዬን ይዛ አልለቅም ካለች ወዲህ ስሟ ይኸው ነው። አሥራ ሁለት ሞላት፣ ዛሬም የወሰደችውን አትመልስም። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ በፕላስቲክ ጡብ የገጣጠመቻትን መኪና ከቦርሳዋ አወጣች። ለትምህርት ቤቱ የሥራ ትርኢት ናት። ያዘመመ ጣውላ ላይ ቀስ ብላ ወጥታ ጫፉ ላይ ቀጥ ማለት አለባት።
"አጎቴ፣ ሞተር ትመርጥልኛለህ?"
እኔ ካልመረጥኩ ማን ሊመርጥ!

ጥቅምት 5
ከአሮጌ ቴፕ የፈታሁትን ሞተር ገጠምንላት። ወለሉ ላይ እንደ ደነበረች ድመት ተፈትልካ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ጣውላው ላይ ግን... እዝዝ ብላ ቆመች። ባትሪ ጨመርኩ። ጭስ። ፒንሳ አፍንጫዋን ይዛ ተንከተከተች፣ እኔም። ሞተር እንደሆነ አንድ ሳጥን ሙሉ አለኝ። ምን ያስቸኩላል?

ጥቅምት 8
አልመጣችም።

ጥቅምት 9
ዛሬም። እህቴ ጋ ደወልኩ። "ከእሱ ጋር መኪናዋን እየሠሩ ነው" አለችኝ፣ ደስ ብሏት። እሱ ማለት ባሏ፣ መሐንዲሱ። ከተጋቡ ገና አራት ወራቸው። የሸሚዝ ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሚሰካ ሰው። ሦስት! ምን ያህል ቢጽፍ ነው?
በርጩማዋን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ቦታ ይዞብኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ጥቅምት 12
እህቴ ቤት ምሳ ተጠራሁ። መሐንዲሱ ጥርስ ያለው ሞተር ገዝቶላታል።
"ጋሼ፣ የእርስዎ ሞተር ጎበዝ ሯጭ ነው። ለዳገት ግን ተሸካሚ ይሻላል። ጥርሶቹ ፍጥነቱን ቀንሰው ጉልበት ይሰጡታል።"
በትህትና ነው የሚያወራው። የሚያናድደኝም ይኸው ትህትናው ነው። ቢኮራብኝ ሰድቤው እገላገል ነበር።
ፍጥነቱን የምትቆጣጠር ትንሽ ሰርኪትም አለችው። ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ታበራለች፣ ታጠፋለች። የሚበራበት ጊዜ ባጠረ ቁጥር መኪናዋ ትዘገያለች።
"ሲበራ ሲጠፋማ እኛም ሰፈር አለ፣ ማን መሐንዲስ አለን?" አልኩ። ፒንሳ ሳቀች። እሱም ሳቀ። እሱ መሳቅ አልነበረበትም።
መኪናዋ እንደ ሙሽራ ቀስ ብላ ወለሉን አቋረጠች። "አየህ! አየህ!" አለች ፒንሳ። ቀና አልኩ። ለካ የምትለው እሱን ነበር።
እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሱ ብቻዬን ቀረሁ... ከመኪናዋ ጋር። የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች ፈታሁ፣ አቀያየርኩ፣ ጠመዘዝኩ፣ የሽቦ ማሸጊያ ናስትሮ ጠቀለልኩበት። ወደፊት ሲሏት ወደ ኋላ ትሄዳለች። ቀልድ ነው።
ቀልድ ነው... አይደል?

ጥቅምት 13
"አጎቴ፣ ቶሎ ና!" ብላ ደወለች። እየሮጥኩ ሄድኩ። ትርኢቱ ከነገ ወዲያ ነው።
ጣውላው ሳሎን ውስጥ ተጋድሟል። ወደፊት ስትላት መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ምንጣፉ ላይ ወረደች። ፒንሳ ሽቦ እስኪፈታ አልጠበቀችም። አዞረቻትና በጀርባዋ አስወጣቻት። ወጣች!
"ሽቦው ላይ ተሳስቼ መሆን አለበት" አለ መሐንዲሱ። ጆሮዬ ጋለ። መቀስ አቀበልኩት። ፈትቶ አስተካከለ። አሁን በፊቷ ሞከሩ። ጎማዎቹ ይሽከረከራሉ፣ እሷ ግን ንቅንቅ የለም። ደገሙ። ያው ነው።
ፒንሳ በሆዷ ተኝታ ጎማዎቹን ስታይ ቆየች። "ሞተሩ የሚያዞረው የፊቱን ጎማ ነው። በፊቷ ስትወጣ ክብደቷ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የፊቱ ይቀልና ይንሸራተታል። በጀርባዋ ስትወጣ ግን ክብደቱ እሱ ላይ ነው!"
ከዚያ ሽቦውን መልሳ አቀያየረች፣ መኪናዋ ላይ የተቀመጠውንም የፕላስቲክ ሾፌር ነቅላ ፊቱን አዞረችው። "በቃ። ከዛሬ ጀምሮ ፊቷ በዚህ ነው።"
ሁላችንም አጨበጨብን። የእኔ ጭብጨባ ሌባ ሌባ ይሸት ነበር።

ጥቅምት 14
ሱቅ መጣች። የተሰቀለውን በርጩማ አየች፣ አወረደችው፣ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ፒንሳዬን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። መለሰች! ያኔ ጉድ እንደፈላ ገባኝ።
"ናስትሮው ሲፈታ አይቻለሁ። ሽቦው ወደ ግራ ነው የተጠመዘዘው። እንደዚያ የሚጠመዝዝ ግራኝ እኛ ቤት ማን አለ?"
ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።
"ቀንተህ ነው?"
"ትንሽ።"
"ምን ያህል?"
"በርጩማሽን እስክሰቅል።"
አልሳቀችም። "ብትበላሽብኝስ አጎቴ? ሰው ሁሉ ፊት?"
ይቅርታ አልኳት። በቀልድ ሳላለብሰው ስናገር ለካ ድምፄ ሌላ ነው።
በር ላይ ደርሳ ዞረች። "እሱም አውቋል። ለማንም እንዳትነግሪ አለኝ።"
ሽቦው ላይ ተሳሳትኩ ያለው እያወቀ ነው? ይኼን ትህትና ምን ላድርገው...

ጥቅምት 15
ወጣች። መኪናዋ የጣውላው ጫፍ ላይ ቀጥ አለች። ፒንሳ "አያችሁ!" አለች። ሁለታችንንም።

ጥቅምት 19
ራሴ ደወልኩለት። "ያን ማብራት ማጥፋትህን አስተምረኝ" አልኩት። ከሥራ ሲወጣ እመጣለሁ አለ።
ለእሱ የሚሆን በርጩማ ከጓሮ አወጣሁ። አንዱን እግር ሆን ብዬ አላላሁት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሳየው ቆየሁ... መፍቻ አንስቼ መልሼ አጠበቅሁት።
ግማሽ ዙር ብቻ ሳላጠብቅ ተውኩለት።