ከሞተሩ ጀርባ ያለው ቱቦ

የካቲት 3፣ ሰኞ
የአስቴር መኪና ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ነዳጅ ካልረገጡላት ትጠፋለች። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ካርቡራተር አጠብኩ። ያው ናት። ሃያ ዓመት ሆሳዕና ውስጥ መካኒክ ሆኜ የሚስቴን መኪና አቃተኝ። ነገ ፎንቆ ወዳለው የምታስተምርበት ትምህርት ቤት በሚኒባስ ልትሄድ ነው።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ
ከፎንቆ ያመጣት ማርቆስ ነው። ሚኒባስ ስትጠብቅ አግኝቷት። ከአዲስ አበባ ተመልሶ ከመናኸሪያው በታች ጋራዥ ከፍቷል። ድሮ ከእሷ ጋር አንድ የመዘምራን ቡድን ውስጥ ነበሩ። ከእኔ በፊት ሽማግሌ ልኮ አባቷ መጀመሪያ ትምህርቷን ትጨርስ ብለው ሽማግሌዎቹን መለሱ። ስትጨርስ እኔ ደረስኩ።

እራት ላይ፣ "ማርቆስ ቫኪዩም ይመስለኛል ብሏል" አለችኝ።

ቫኪዩም! ሞተሩ በተቀደደ ቱቦ አየር ይስባል ማለቱ ነው። በትዳራችን አሥራ ሰባት ዓመት ስለ ሞተር ሳወራ አንዲት ቃል ይዛልኝ አታውቅም። ቱቦዎቹን አይቻለሁ፣ ደህና ናቸው አልኳት። ያየሁት ከላይ ከላይ ነው።

የካቲት 6፣ ሐሙስ
ዛሬም በእሱ መኪና መጣች። ሳቋ ከበር ይሰማ ነበር። ምን እንዳሳቃት አልጠየቅኩም።

ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ልፈትሽ ኮፈኑን ከፍቼ ነበር። እሱ ስላለ ነው እንዳልባል መልሼ ዘጋሁት። ጅልነት ነው፣ አውቃለሁ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ
ሳትነግረኝ መኪናዋን ወሰደችለት። እሱ ግን ደወለልኝ። "ወንድሜ፣ ያንተ እጅ ያረፈበት ነው። ሳትኖር አልከፍትም።" በእኛ ሥራ ሌላው የጀመረውን ሳያስፈቅዱ መንካት ነውር ነው። ነውሩን ባያውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ሄድኩ። ሞተሩን አስነስቶ በየቱቦው ላይ የሳሙና ውሃ ረጨ። ከሞተሩ ጀርባ ሲደርስ ሳሙናው ቀዳዳውን ደፈነውና ድምፁ ተስተካከለ። አጥፍቶ፣ እጁን ሰዶ አወጣው። በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ የግሉኮስ ቱቦ።

የእኔ ሥራ ነው። አምና ወደ ዱራሜ ስንሄድ ቱቦው መንገድ ላይ ቢቀደድ፣ ከክሊኒክ ለምኜ ያሰርኩት። ስንመለስ እቀይረዋለሁ ብዬ ረሳሁት። ሙቀት አኮማትሮት አየር ያስገባል።

አስቴር ምን ሆኖ ነው ብላ ቀረበች። ማርቆስ በጨርቅ ሸፈነው።

"አርጅቶ ነው። ባልሽ ደርሶበታል።"

ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገችኝ። ቢያዋርደኝ ይሻል ነበር። ለጊዜው የሚሆን ቁራጭ ጎማ አስገባልን።

የካቲት 10፣ ሰኞ
ሚኒባሱ እስኪሞላ እጽፋለሁ።

አስቴር ጠዋት መኪናዋን ይዛ ስትወጣ፣ ማርቆስ ጨዋ ሰው ነው አለች። ልክ ናት፤ የሚያቃጥለኝም ይኸው ጨዋነቱ ነው። ሁሉንም ቱቦ በአዲስ ልቀይር መለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ማርቆስ አንድ ቀን ሊነግራት ይችላል። ባይነግራትም፣ እሷ በሳቀች ቁጥር ነገራት እያልኩ ልኖር ነው።

ባለሱቁ ቱቦውን ዘርግቶ፣ "ስንት ሜትር ልቁረጥ?" አለኝ። ውጭ የሚኒባስ ረዳት ፎንቆ፣ ፎንቆ ይላል። ተማሪዎቿ ለምሳ ሳይለቀቁ እደርሳለሁ። ከእሱ ከምትሰማው ከእኔ ትስማ።

ባለሱቁ መቀሱን እንደያዘ ትቼው ወጣሁ።