ናፍታን መረዳታችንን ስለ ማሳወቅ

ታኅሣሥ 22 ቀን 2006 ዓ.ም.
ቁር አምባ፣ ላስታ

ለተከበሩ አቶ ምስጋኑ
የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
በቢሮዎ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጣቶችዎ ወረቀቱን ለመግለጥ የሚበቃ ሙቀት እንዲኖራቸው፣ ጉልበትዎ እንዲጸና፣ ሳል ከደጅዎ እንዲርቅ፣ ቤተ ሰብዎም ከትልቅ እስከ ትንሽ በደኅና እንዲከርምልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛም ደኅና ነን ብዬ እንዳልጽፍ፣ በልጅነቴ ያስተማሩኝ ሰዎች ሐሰት መጻፍን በአርጩሜ ስላስጣሉኝ፣ ይህን መስመር ባዶ መተዉን መርጫለሁ።

ላያስታውሱኝ ስለሚችሉ ራሴን ላስተዋውቅ። ሠላሳ አራት ዓመት በመምህርነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን በቁር አምባ ጤና ጣቢያ የሥራ አመራር ቦርድ ላይ የሕዝብ ተወካይ ሆኜ የምቀመጥ አሮጊት ነኝ። ባለፈው ወር ጽሕፈት ቤትዎ ‹ናፍታን ለማሞቂያ ነዳጅነት መገንዘብ› በሚል ርእስ ላሊበላ ላይ ባዘጋጀው የሁለት ቀን ሥልጠና ከተሳተፉት ሃያ ሰዎች አንዷ ነበርሁ። በመዝጊያው ላይ እያንዳንዱ ተሳታፊ የተረዳውን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ አዝዘው ስለነበር፣ እነሆ ትእዛዝዎን ፈጸምሁ። የቤት ሥራውን ሳይሠራ የሚመጣ ተማሪ እኔም አልወድም ነበር።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁበት ምክንያት ቀላል ነው። ከዚህ በፊት ሦስት የታሸጉ ደብዳቤዎች ልኬ መልስ ስላላገኘሁ፣ ምናልባት ፖስታ መክፈቱ አድካሚ ሆኖብዎት ይሆናል ብዬ ይህኛውን ሳላሽግ ልኬዋለሁ። ግልባጩንም ጋሸና በሚገኙት ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ አስለጥፌአለሁ፤ በዚያ በኩል ሲያልፉ ምሳ እስኪቀርብልዎ ድረስ ሊያነቡት ይችላሉ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በቅድሚያ ስለ ማሞቂያው አመሰግናለሁ። ቀድሞ በጤና ጣቢያው ግቢ ገበሬው እንጨትና ሣር አዋጥቶ የሠራው የእናቶች ማቆያ ጎጆ ነበረ። መውለጃቸው የቀረበ ሴቶች ከሩቅ ቀበሌ እየመጡ በመካከሉ ባለው ምድጃ ዙሪያ ይተኙ ነበር። ጎጆው ይጨስ ነበር፣ ዐይንም ያቃጥል ነበር፤ ይህን አልክድም። በ2004 ዓ.ም. አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት በናፍታ ውኃ እያሞቀ በቱቦ የሚያዞር ማሞቂያ ሲለግሰን፣ ለናፍታው ታንከር ሌላ ቦታ አልተገኘም ተብሎ ጎጆው ፈረሰ። ሴቶቹም ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ወደ ሆነው አዲስ ክፍል ተዛወሩ። የምርቃቱ ቀን የዋለው በግንቦት አጋማሽ፣ ፀሐይ ግንባር በምትተኩስበት ሰዓት ስለነበር፣ ማሞቂያው ለሁለት ሰዓት ቢነድ እንግዶቹ በላብ ተጠምቀው መስኮት አስከፈቱ። ጎረቤቴ ማሚቱ በቱቦው ውስጥ ውኃው ሲንቦጫረቅ ሰምታ፣ ‹ኧረ ይኼ ብረት ሆዱ ይጮኻል! ሣር ሳታሳዩት ነው እንዴ የጠመዳችሁት?› ብላ ሰዉን ስታስቅ፣ እርስዎም እንባዎን በመሐረብ እስኪጠርጉ እንደ ሳቁ አይቻለሁ።

፪. ቀጥሎ ስለ ማስታወቂያው አመሰግናለሁ። ከታንከሩ በሃምሳ ሜትር ዙሪያ እሳት ማንደድ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን የሚገልጸው ቀይ ሰሌዳ በጥሩ እጅ የተጻፈ ነው። ግቢያችን ከዳር እስከ ዳር ሃምሳ ሜትር ስለማይሞላ፣ ከአጥሩ ውጪም ገደል፣ የቅርቡም ቤት የግማሽ ሰዓት መንገድ ስለሆነ፣ የት ይፈቀድ ይሆን ብለን ከመጨነቅም አድኖናል።

፫. ናፍታ በብርድ እንደሚረጋ በገዛ ዐይናችን እንድናይ ዕድል ስለ ሰጡን አመሰግናለሁ። በ2005 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የመጀመሪያው ውርጭ ሲወርድ፣ ታንከሩ ውስጥ የነበረው ናፍታ እንደ አደረ ሾርባ ደፍርሶ ወፈረ፤ ናፍታውን ወደ ማሞቂያው የሚያደርሰው ቀጭን ቱቦም ተደፈነ፤ ማሞቂያውም አንድ ጊዜ አስነጥሶ ጠፋ። የጤና ጣቢያው ዘበኛ ደሳለ በጎልማሳነቱ በዚሁ የደጋ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት የነበረ ሰው ነው። ሾፌሮች በብርድ ወራት ናፍታቸው እንዳይረጋ ነጭ ጋዝ ጠብ እንደሚያደርጉበት ስለሚያውቅ፣ ከአንድ የቀድሞ ወዳጁ ነጭ ጋዝ ለምኖ በልክ ቀየጠበት። ማሞቂያው ነደደ። ዐሥራ ዘጠኝ ሴቶች በሙቅ ክፍል ወለዱ። ስለዚህ ሥራው ደሳለ በግምገማ ላይ ቆሞ፣ ያለ ፈቃድ የመንግሥትን ነዳጅ በመቀየጥ የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ አሳይቷል ተብሎ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ታንከሩም ጥናት እስኪካሄድ ድረስ ከነናፍታው ተቆለፈ። ጥናቱ ዘጠኝ ወር ፈጀ። ዘጠኝ ወር ለእኛ ለሴቶች አዲስ ቁጥር ስላልሆነ በትዕግሥት ጠበቅን፤ የተወለደውም የጥናት ውጤት ‹ኅብረተሰቡ በናፍታ ላይ የግንዛቤ ክፍተት አለበት› የሚል ሆነ።

፬. ስለዚህ ክፍተቱን ለመሙላት ስለ ተዘጋጀው ሥልጠና አመሰግናለሁ። አሠልጣኞቹን ከወልድያ የሚያመጣው መኪና ነዳጅ ስላልነበረው፣ ሹፌርዎ የኔሰው በታዘዘው መሠረት መጥቶ የታንከሩን ቁልፍ ከፍቶ ናፍታውን በጎማ ቱቦ እየሳበ ሙልጭ አድርጎ በበርሜል ቀዳ። በእኛ አገር፣ ክቡር ሆይ፣ ከአራስ ቤት እሳት አይጫርም። ምድጃው የጠፋበት ጎረቤት ሌላ ደጅ ይሄዳል እንጂ አራስ ወዳለችበት ቤት ፍም ሊለምን አይመጣም። የኔሰው የዚሁ የላስታ፣ የብልባላ ልጅ ስለሆነ ይህን ደኅና አድርጎ ያውቃል። ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም፤ ‹እትዬ፣ እኔ ታዝዤ ነው፤ ኃጢአቱ በወረቀቱ ላይ ይሁን› አለኝ። ወረቀቱን አየሁት፤ ፊርማው የእርስዎ ነው፤ መልካም ፊርማ አለዎት።

በሥልጠናው ብዙ ተረድተናል። ናፍታ ከቤንዚን እንደሚከብድ፣ ክብሪት ቢጫርበት እንደ ቤንዚን ቶሎ እንደማይቀጣጠል፣ ነገር ግን በጠባብ ቀዳዳ ተረጭቶ እንደ ጉም ሲበተን አጥብቆ እንደሚነድ፤ ውኃ ከገባበት ውኃው ስለሚዘቅጥ ከታንከሩ ግርጌ መውጣት እንዳለበት፤ ማጣሪያው በየጊዜው መጽዳት እንደሚገባው፤ በውስጡ ያለው ሰም በብርድ ስለሚረጋም በደጋ አገር ነጭ ጋዝ እንደሚቀየጥበት ተምረናል። በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ላይ እጄን አውጥቼ፣ ደሳለ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ይህንኑ በማድረጉ እንደ ሆነ ተናገርሁ። አሠልጣኙ አሠራሩ ትክክለኛ መሆኑን፣ ነገር ግን በሠለጠነ ሰው ብቻ መፈጸም እንዳለበት በትሕትና አስረዱኝ። ደሳለ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሠራተኛ በመሆኑ ለሥልጠናው አልተመረጠም። አዋላጃችን ወለላ ተነሥታ ‹ናፍታው መቼ ይመጣል?› ብላ ብትጠይቅ፣ ጥያቄዋ ከርእሱ ውጪ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ የሚቆዩ ጥያቄዎች በሚሰፍሩበት፣ ‹የመኪና ማቆሚያ› የሚል በተጻፈበት ትልቅ ወረቀት ላይ ተመዘገበላት፤ እስከ ዛሬም እዚያው እንደ ቆመ ነው። አዳራሹ ስለ ቀዘቀዘ የሆቴሉ ሠራተኞች ሁለት የከሰል ማንደጃ አስገቡልን። ስለ ናፍታ የተማርነው ከሰል እየሞቅን መሆኑን ለሪፖርትዎ ሙሉነት ስል እጠቅሳለሁ።

፭. ቴርሞሜትሩን ስለ ወሰዱልን አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ የማዋለጃው ክፍል ጠዋት ጠዋት አራት ዲግሪ መሆኑን፣ የዐሥር ቀን ንባብ በሰንጠረዥ አዘጋጅቼ ልኬልዎ ነበር። በሳምንቱ አንድ ባለሙያ መጥቶ ቴርሞሜትሩን ለምርመራ ብሎ ከግድግዳው ነቅሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በክፍሉ ብርድ ተመዝግቦ አያውቅም።

፮. ለዚህ ቁጥር ምስጋና ፈልጌ አጣሁለት፤ ስለዚህ የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ።

የአዝመራው ሚስት ፋና የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ወደ ጤና ጣቢያው የመጣችው በእኔ ምክር ነው። ‹በቤት የሚወልድ ቤተ ሰብ ይቀጣል› የሚለውን መመሪያዎን አንብቤላት ሳይሆን፣ ደም ቢፈስሽ በቤትሽ የሚያቆምልሽ የለም ብያት ነው፤ ይህም እውነት ነበር። ታኅሣሥ 11 ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሴት ልጅ ተገላገለች። ሕፃኗ ጊዜዋ ሳይደርስ ስለ መጣች ክብደቷ ሁለት ኪሎ አይሞላም ነበር። ወለላ ማድረግ ያለባትን ሁሉ አደረገች። ሕፃኗን ከእናቷ ደረት ጋር አጣብቃ ሸፈነቻት፤ ፋና ስትደክም ከራሷ ደረት ጋር አጣበቀቻት፤ በግቢው የነበረ ጋቢና ነጠላ ሁሉ እላያቸው ላይ ተደረበ። ክፍሉ ስንት ዲግሪ እንደ ነበር ልነግርዎ አልችልም፤ በሳሕኑ የነበረው ውኃ ግን በማግሥቱ ጠዋት በስስ በረዶ ተሸፍኖ አየሁት።

አዝመራው ፍልቃቂ ድንጋይ በእሳት አግሎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከጎናቸው ሊያስቀምጥላቸው ፈለገ፤ አባቶቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በግቢው ጥግ ኩበት ከምሮ ክብሪት ሲያወጣ ደሳለ እጁን ያዘው። ቀዩን ሰሌዳ አሳየው። አዝመራው ወደ ታንከሩ ሄዶ በጡጫ መታው፤ እንደ ከበሮ ጮኸ። ‹ባዶ ጎተራ ከአይጥ የሚጠብቅ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!› አለው። ደሳለ አለቀሰ እንጂ እጁን አልለቀቀም። አምስት ልጆች የሚያሳድግ፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ በኪሱ የያዘ ሰው ነው፤ አልፈርድበትም። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ክብሪቱን ተቀብዬ ራሴ መጫር እችል ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ ደንብ ሳስከብር ስለ ኖርሁ እጄ አልታዘዘኝም። በዚህ ላይ ግን እፈርዳለሁ።

በሁለተኛው ቀን ባልና ሚስቱ ቤታችን እሳት ስላለ እንሂድ አሉ። ወለላ እናቲቱ ገና ደም ስለሚፈስሳት በቃሬዛ ብትንገላታ እንደምትሞት ነገረቻቸው፤ ልክ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሕፃኗ አረፈች። የክርስትናዋን ሰማንያ ቀን እየቆጠሩ የነበሩ ሰዎች ሦስት ብለው አቆሙ። በጤና ጣቢያው ቅጽ ላይ ለሞት ምክንያት ከተዘረዘሩት መካከል ብርድ የሚል ስላልነበረ፣ ወለላ ‹ሌላ› በሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አድርጋለች።

፯. በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ናፍታ አልለምንም፤ ናፍታ ምን ያህል እንደሚከብድ ተምሬአለሁ። የምለምነው ባዶው ታንከር ከቦታው እንዲነሣ ወይም ሰሌዳው እንዲወርድ፣ ገበሬውም የፈረሰውን ጎጆ መልሶ እንዲሠራ በጽሑፍ እንዲፈቀድለት ብቻ ነው። እንጨቱ ተቆርጦ ተዘጋጅቷል፤ አዝመራው ብቻውን ሃያ ማገር አምጥቶ ጥሏል። ይህ እንደማይፈቀድም ከወዲሁ አውቃለሁ። ታንከሩ በንብረት መዝገብ ላይ ያለ ነው፤ ማሞቂያው ለለጋሾቹ በተላከው ሪፖርት ላይ ‹በሥራ ላይ› ተብሎ ተጽፏል፤ ምክትልዎም በስብሰባ ላይ ወደ ጎጆ መመለስ የልማት ጉዞውን ወደ ኋላ መጎተት መሆኑን አስረድተውናል። ቢሆንም መልሱን የሚያውቁትን ጥያቄ መጠየቅ የመምህር ልማድ ነውና ጠይቄአለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለ ተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ናፍታን በሁለት ቀን የተረዳች፣ የጽሕፈት ቤትዎ አሠራር ግን በስድስት ዓመት የቦርድ አባልነት ሊገባት ያልቻለ፣ ትሑት አገልጋይዎ

ወለተ ሐና
(ጡረተኛ መምህርት)

ግልባጭ፦
ለጤና ጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ፤
ለጋሸና ምግብ ቤቶች፤
ቆሞ ለማንበብ ጊዜ ላለው ሰው ሁሉ።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ አልጣሽ የምትባል የላይኛው ቀበሌ ሴት ወደ ቤቴ መጣች። አገሬ የምትባለው የልጇ ሚስት በዚህ ሳምንት ትወልዳለች፤ የመጀመሪያዋ ነው፤ እግሯም አብጧል። ወደ ጤና ጣቢያው ላምጣት ወይስ በእሳቷ ዳር ላቆያት ብላ ጠየቀችኝ። በቤት ብትቀር የሚሆነውን አሰብሁ፤ ወደ ጣቢያው ብትመጣ የሚሆነውንም አሰብሁ። ስለዚህ መመሪያውን ወደ ፈረሙት ሰው፣ ወደ እርስዎ ልኬአታለሁ። ሐሙስ ጠዋት ከቢሮዎ ደጅ ታገኝዎታለች። ማንበብ ስለማትችል በቃል ይንገሯት፤ ሥልጠናም ስላልወሰደች ረጅም ማብራሪያ አይገባትም። የምትፈልገው አንድ ቃል ነው፤ ትምጣ፣ ወይም ትቅር።