ወደ ውርጩ የሚወጣው ሚኒባስ

ታኅሣሥ 5

ለሚመለከተው ሁሉ! ከስልሳ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ያገለገለው የግራ መንጋጋ ጥርሴ ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቆሎ በማድቀቅ ላይ ሳለ፣ በገዛ ፈቃዱ ሥራውን ለቅቋል። ሥርዓተ ቀብሩ በቤቱ ቆርቆሮ ላይ ተፈጽሟል። ወርዋሪ፦ የልጅ ልጄ ሔዋን፣ ዕድሜ ዘጠኝ። "ላንተ ግን አዲስ አይበቅልልህም አባባ" ያለችኝ ከወረወረችው በኋላ ነው። ቀደም ብላ ብትነግረኝ ኪሴ አስቀምጠው ነበር።

ሌላ ወሬ የለም። ማሽላው ታጭዷል። ሙቀቱ እንዳለ ነው።

ታኅሣሥ 8

ልጄ ትዕግሥት ከጎብዬ መጣች። እዚያ አስተማሪ ናት። ሔዋን እኔ ዘንድ ቆቦ ነው የምትማረው፣ እናትየው ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ልጅቱም ቅዳሜን የምትወደው ለእናቷ ይሁን ለእናቷ ስልክ... አልመረመርኩም።

ዛሬ ስልኩን አፍንጫዬ ላይ ደቀነችው። ነጭ ተራራ። ሰዎች እግራቸው ላይ ረጃጅም ጣውላ አስረው ቁልቁል ይንሸራተታሉ። ሽማግሌም አለበት።

"ስኪ ይባላል። ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ሳምንት እዚያ ያርፋል። እኛስ?"

እኛስ... ምን ልበል? "እኛም አለን" አልኩ። አፌ ቀደመኝ። "ሙጃ። የተወለድኩበት አገር። በጥር ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። ቁርበት ላይ ቁጭ ብለን እስከ ወንዙ እንንሸራተት ነበር።" ይሄ እንኳን እውነት ነው።

ትዕግሥት፦ "ልጅቷን አታስጎምጅብኝ አባዬ። በምን ሊኬድ ነው?"

በምን እንደሚኬድ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። በቤታችን ያለው መኪና አንድ ነው፣ የወንድሟ የሚኪያስ ሚኒባስ። እሷ ሦስት ዓመት አልተሳፈረችበትም። ጎብዬ አስፋልቱ ዳር ቆማ የእሱ መኪና ብቅ ሲል ፊቷን ወደ ሱቆቹ ታዞራለች። ካለፈ በኋላ የሚቀጥለውን ትጠብቃለች። አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆማለች አሉ።

ታኅሣሥ 9

ለምን? ልጻፈው። የእናታቸው የበላይነሽ ተዝካር ዕለት ነው። የቅሬው፣ የዕድራችን ማለቴ ነው፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ካህናቱ ገና ሳይቀመጡ፣ ሚኪያስ ተነስቶ መኪናውን አስነሳ። ሙሽራ ሊጭን። የእናቱን ተዝካር ትቶ ሰርገኛ ጭኖ ዋጃ ሄደ። ማታ ሲመለስ ትዕግሥት በቅሬው ሰው ሁሉ ፊት "አንተ ከእንግዲህ ወንድሜ አይደለህም" አለችው።

የቀረውን አልጽፍም። እስክሪብቶው ሊያልቅ ነው።

ታኅሣሥ 12

ከሙጃ በላይ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ለቱሪስት የሠሯቸው ጎጆዎች አሉ። ቁጥራቸውን አገኘሁ። ደወልኩ።

"ስንት ናችሁ?"

"አምስት።"

"ፈረንጆች?"

"የቆቦ ሰዎች።"

"ከቆቦ... ለለቅሶ ነው?"

"ለዕረፍት። አንድ ሳምንት።"

"እዚህ ምን አለ ብላችሁ አባቴ?"

"ብርድ።"

ስልኩን ሳይዘጋ ለጓደኛው ሲነግረው ሰማሁ። ሳቁ። ይሳቁ። ቦታው ተይዟል፣ ከጥር ሃያ ሁለት ጀምሮ። ትምህርት ቤትም ያኔ ይዘጋል።

ታኅሣሥ 15

ሥራ በዝቶብኛል። ለሚኪያስ፦ "ትዕግሥት በሱ መኪና እንሂድ ብላለች" አልኩት። የያዘውን የጎማ ቁልፍ አስቀመጠ። "እሷ? በአፏ?" "በአፏ።" ከዚያ ለትዕግሥት ደወልኩ። "ሚኪያስ እህቴ ካልመጣች መኪናውን አላስነሳም ብሏል።" "እሱ? በአፉ?" "በአፉ።"

አንድ እናት ነው የወለደቻቸው። ጥያቄያቸው እንኳን አንድ ነው።

ታኅሣሥ 21

እንድሪስ መጣ። አርባ ዓመት አጥር ተዋስነን የኖርን ጎረቤቴ። ዕቅዱን ዘረዘርኩለት። ብርድ ፍለጋ በመኪና ትሄዳላችሁ እያለ ሲስቅብኝ ቆየና ድንገት ተወው።

"ለትዕግሥት ነግረሃታል ሞላ?"

"ምኑን?"

"ወላሂ፣ ምኑን ትለኛለህ? የተዝካሩ ቀን ሙሽራ የኔ ልጅ መይሙና ናት። አንተ ምን እንዳልክ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ልንገራት?"

"ተው።"

"እንግዲያው አንተ ንገራት። በዚህ ዕድሜህ ከልጅ ትደበቃለህ?"

ወሬ ቀየርኩ። ስለ ሽንኩርት አወራን። ሽንኩርቱ ደህና ነው።

ጥር 3

የሚኪያስ ሚስት ለተ ብርሃን ዝግጅቱን በእጇ አስገብታዋለች። አምስት ብርድ ልብስ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ አንድ ጆንያ ከሰል። "አቦይ ሞላ፣ እኔ አላማጣ ተወልጄ ቆቦ ያገባሁ ሰው ነኝ። ብርድ የሚባል በወሬ ነው የማውቀው። ሞቼ ብመለስ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።" ሞታ ከተመለሰች ጉድ ነው፣ እዚያው እንቀብራታለን አልኳት። በማማሰያ አባረረችኝ።

ሚኪያስ ሁለት ቢጫ የዘይት ጀሪካን ለሁለት ሰንጥቆ፣ ጠርዙን በእሳት አለስልሶ፣ ገመድ አሰረበት። ለሔዋን መንሸራተቻ። አራት ቁራጭ ወጣው። አንደኛው ላይ በከሰል "ት" ብሎ ጽፏል። እንዳላየሁ ሆንኩ።

ጥር 13

ጥምቀትን ለማክበር መጥታ የቆየችው ትዕግሥት ዛሬ ለተ ብርሃንን ገበያ ላይ አገኘቻት። ሴት ለሴት ተነጋገሩ። "ሚኪያስ እኮ አንቺ ጠየቅሽ ተብሎ ነው ደስ ያለው..." "እኔ? እሱ አይደል የጠየቀው?"

በቃ። ጉዴ ወጣ።

ትዕግሥት ቤት ገብታ ቦርሳዋን አነሳች። "ሔዋንን ውሰዷት። እኔ አልሄድም። ሦስት ዓመት ሙሉ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ... እኔ ጅል!" ሔዋን በር ላይ ጀሪካኗን አቅፋ ቆማለች። እናቷ ስትወጣ አላለቀሰችም። ጀሪካኑን መልሳ ጓዳ አስገባችው። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ሚኪያስም ሰምቷል። ማታ ብቅ ብሎ "ተወው አባዬ፣ ጎጆውን ሰርዘው" አለኝ። አልተቆጣም። ይሄ ልጅ ለምን አይቆጣም?

ጥር 15

ጎብዬ ሄድኩ። በሰው መኪና። መንገድ ላይ፣ ሮቢት ወርጄ ልመለስ ነበር... እግሬ እምቢ አለ።

ትዕግሥት ቤቷ ደብተር ታርማለች። ቁጭ በል አላለችኝም። ቁጭ አልኩ።

"ሚኪያስን ያን ቀን የላክሁት እኔ ነኝ።"

ቀና አላለችም። ቀጠልኩ። ሚኪያስ ለመይሙና ሰርግ መኪናውን ቃል የገባው እናታችሁ ሳትታመም ነው። አርባው ቀን ከሰርጉ ጋር ተገጣጠመ። እንድሪስ ሰርጉን ትቶ ድንኳን ውስጥ ከኛ ጋር ተቀምጧል፤ መኪና ብሎ ቃል አላነሳም። ሚኪያስ አልሄድም አለ። ድንኳኑን ይዞ "እንዴት ብዬ አባዬ?" አለኝ። "ሂድ። የጎረቤታችን ልጅ በእግሯ አትዳርም። እናትህም ብትኖር ትልክህ ነበር" አልኩት። ሄደ።

"ማታ ስትሰድቢውስ?"

ይህን የጠየቅሁት እኔው ነኝ። እሷ ስላልጠየቀችኝ።

"አጠገባችሁ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። እንድናገርለት ጠበቀ። እኔ የያዝኩትን ጣሳ ውስጡን አየሁ።"

ቀዩ እስክሪብቶ ቆመ።

"ሦስት ዓመት?"

"ሦስት ዓመት።"

"እሱስ ለምን ዝም አለ?"

"አባቱን በሰው ፊት አላጋልጥም ብሎ ይሆናል። ወይ እኔ እስክናገር ሲጠብቅ... እኔንጃ። እኔም አልጠየቅሁትም።"

ከዚያ ደብተሩን ገለጠች። "ተነስ አባዬ፣ መኪና ያመልጥሃል።" ውኃ እንኳን አላቀረበችልኝም። ይገባኛል።

ጥር 16

አልደወለችም። ለሚኪያስ የሄድኩበትን ነገርኩት። "አበጀህ" አለ።

ጥር 19

አልደወለችም። ጎጆውን አልሰረዝኩም። ለተ ብርሃን በሶውን ደግማ ነፋችው። ሔዋን "እማዬ ትመጣለች?" አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለዚህች ልጅ "አላውቅም" አልኳት። አፈጠጠችብኝ፤ የታመምኩ መስሏታል።

ጥር 21

ስልክ። ትዕግሥት ናት። "ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት አስፋልቱ ላይ እቆማለሁ" ብላ ዘጋችው። በማን መኪና እንደሆነ አልተናገረችም። አስፋልቱ ላይ ብዙ መኪና ያልፋል።

ጥር 23፣ ሙጃ

እጄ ደንዝዟል። ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ሆኗል።

ትናንት በማለዳ ሚኪያስ፣ እኔና ሔዋን ወደ ጎብዬ ወረድን። ለተ ብርሃንን ከነጆንያዋ ስንመለስ ቆቦ ልናነሳት። ትዕግሥት ቆማለች። ሻንጣዋ እግሯ ሥር ነው። መኪናው ሲቃረብ ፊቷን ወደ ሱቆቹ አዞረች። ሚኪያስ ግን ቆመ። ሞተሩን አጠፋና ጠበቀ። ጥሩንባ አልነፋም። ዞረች። መጣች። የጋቢናውን በር ከፈተችና ወንድሟን ሳታይ፦

"አባዬ፣ ወደ ኋላ እለፍ።"

እንደዚያ በደስታ ከቦታዬ የተነሳሁበት ቀን የለም። ከኋላ ከሔዋንና ከጀሪካኖቹ ጋር ተጣበቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታ በጨዋታ። ከጎብዬ እስከ ሙጃ ስለ እናታቸው አወሩ። እሷ ሳቀች፣ እሱ ይቅርታ አላት፣ እሷም ይቅርታ አለችው፣ ዳገቱ ላይ ሁለቱም ዓይናቸውን ጠረጉ።

ዛሬ ጠዋት ውርጩ ተጋግሮ ጠበቀን። ሔዋን ሰባት ጊዜ ተንሸራተተች። ለተ ብርሃን በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ዓይኗ ብቻ እየታየ፣ በትግርኛዋ "ዋይ አነ!" ትላለች፣ ወይኔ ማለቷ ነው። ሚኪያስ ታች ቆሞ ይቀበላል። ትዕግሥት "ት" የተጻፈበትን አገላብጣ አየችው። ገና አልተቀመጠችበትም። ስድስት ቀን አለን።

እንግዲህ ደብተሬን ከማታለል... ጨዋታ በጨዋታ ያልኩት ውሸት ነው። አልሳቀችም፣ ይቅርታም አልተባባሉም፣ ዓይኑን የጠረገውም እኔ ነኝ። እስከ ቆቦ ጸጥ። ከቆቦም ዳገቱ እስኪጀምር ጸጥ። ብርዱ ሲገባ ሚኪያስ መንገዱን እያየ፦

"መስኮቱን ዝጊው፣ ይበርድሻል" አላት።

"እሺ" አለችው።

ይህኛውን ከራሴ አልጨመርኩም። ዘጋችው።