ለአንዱ ቁልፍ ጌታ፣ ስለ እድራችን ድንኳን

ለተከበሩት ለኦቦ ሞረዳ ጂሩ፣ በነቀምቴ የጨለለቂ ሰፈራችን እድር ሊቀመንበር፣

አካም ጅርቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በተለይም በኪስዎ የሚኖረው ቁልፍ በጤና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከጎረቤታችን ከአዴ አስካለ ቀብር ዕለት ዝናብ የተረፈ ጉንፋን ካልሆነ በቀር ደህና ነን።

አንደኛ፣ ምስጋና ይገባዎታል። የእድሩ ዕቃ ቤት ድሮ ሦስቱም ካልተገናኙ የማይከፈት ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ በላይ ሰፈር፣ አንዱ በታች ሰፈር፣ ሦስተኛው ከወሎ መጥተው አብረውን ባረጁት በአቶ ይስማው እጅ። ከከተማ የሚወጣ ቁልፉን ለተተኪው ሳይሰጥ ሌሎቹ አያስወጡትም ነበር። እርስዎ ግን ይህ ቡድንተኝነት ነው ብለው ሁለቱን አስነቅለው አንዱን ኪስዎ ከተቱት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለውም ተረቱልን፤ ድሩ እንዲያብር መጀመሪያ ብዙ ክር መኖር እንዳለበት ግን ሳይነግሩን ቀሩ።

ሁለተኛ፣ ታሪክ ሳስተምር የኖርሁ ሴት ነኝና ይታገሡኝ። አሜሪካን የመሠረቱት ሰዎች ሕገ መንግሥታቸውን ሲያረቁ በዚሁ ጉዳይ ብዙ ተከራክረዋል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ሰው ለራሱ ማድላቱ ተፈጥሮው ነው፣ ነፃነት እስካለ ድረስም ወገን ለይቶ መቧደን አይቀርም፣ ስለዚህ ወገኑን ለማጥፋት ከመድከም ወገኖቹ በዝተው እርስ በርስ እንዲጠባበቁ ማድረግ ይሻላል አሉ። ምስኪኖች፣ እርስዎን ቢያውቁ ኖሮ ያን ሁሉ ወረቀት ባልፈጁ ነበር፤ አንድ ኪስ ይበቃቸው ነበር። እኔም ብሆን ከእርስዎ አልሻልም፤ ቁልፉ በእኔ እጅ ብቻ ቢሆን ልጄ ኬኔ ስትዳር ድንኳኑን አላወጣም ብዬ አልምልም። አቶ ይስማው ቆመው እንዲያዩኝ የምፈልገው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ አዴ አስካለ ያረፉ ዕለት እርስዎ ለወንድምዎ ልጅ ሠርግ ወደ አኖ ከተማ ሄደው ነበር፤ ቁልፉም አብሮ ሄደ። ለቀስተኛው ላስቲክ ተከናንቦ በዝናብ ሲደበደብ ዋለ። የላይ ሰፈሩም የታች ሰፈሩም እኩል ስለ ረጠበ አንድነታችን መጠናከሩን በዓይኔ አየሁ። የሟቿን ልጆች ቀና ብዬ ማየት ግን አፈርሁ። ኋላ የሠርጉን ፎቶ ሳይ ሙሽሮቹ የተቀመጡበትን ድንኳን አወቅሁት፤ ጥጉ ላይ ያለውን ሰማያዊ መጣፊያ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሠርጉ እጅግ አምሮ ነበር።

እሑድ ሦስቱ ቁልፎች ይመለሱ አይመለሱ በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ እንሰጣለን። ይህን ሐሳብ ያመጡትን ቡድንተኞች ብለዋቸዋል አሉ፤ እውነትዎን ነው፣ ቀንደኛዋ እኔ ነኝ። አንዱ ቁልፍ በእርስዎ እጅ እንዲቀርም እከራከራለሁ፤ እኛንም የሚጠረጥረን ሰው ያስፈልገናል።

ድንኳን ባታገኝም ከአክብሮትዎ ጥላ ያልወጣች፣
ድርቤ ጨመዳ

ማሳሰቢያ፦ ባለቤቴ ገለታ መታመሙን ሰምተው ስለ ጠየቁን እግዜር ይስጥልን። ሐኪሞቹ ብዙ ተስፋ አልሰጡንም፤ እርሱ ግን ቁልፉ በእርስዎ ኪስ እያለ አልሞትም ብሎ እህል መቅመስ ጀምሯል። እንግዲህ እሑድ ለሦስቱ ቁልፎች እጄን ሳወጣ፣ ባሌን ጠልቼው እንዳይመስልዎት።