የውኃ ቀማሹ ምላስ

ሰኞ፣ ሐምሌ 2
ሙቀት። ምሳ ዓሣ ነበር። ናጂያ አንዴ ጎርሳ ሳህኑን ገፋችው። «ውይ፣ ጨው ረስቼ! አንተ ደግሞ ዝም ብለህ ትበላለህ?» የሚስቴን እጅ አላማም ብዬ ሳቅኩ። ለካ ጨው የለውም... ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ምላሴ እንጨት ሆኗል። ይመለስ ይሆናል። ለማን ይነገራል?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 4
የደቡብ ነፋስ። ባሕሩ ወንዙን ወደ ላይ ገፋው፤ ቦያችን እስከ አፉ ሞላ። ውኃውን ወደ እርሻው የሚያስገባው የቦዩ በር ከመከፈቱ በፊት ሰዉ ሁሉ እንደ ልማዱ አፍ አፌን ያያል። ጨው ገብቶበት እንደሆነ ድሮ አባቴ ነበር ቀማሹ፣ አሁን እኔ። በእፍኜ ቀዳሁ፣ ተጉመጠመጥኩ... ምንም።

«ምነው አቡ ዓጂል፣ ሙሽራ ነው እንዴ የምትመርጠው!» አለች ጎረቤቴ ኡም ጃሲብ። ሁሉም ሳቁ። አላውቅም ማለት አቃተኝ።

«ጨው የለውም፣ ክፈቱ» አልኩ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 10
የተምር ዛፉ ውኃውን ችሎታል። ከተምሩ ጥላ ሥር ያሉት የኡም ጃሲብ ሎሚዎች ግን ቅጠላቸው ተቃጠለ። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በእነሱ ነው። አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ወጥቷል። ጨው። እኔ ነኝ... እኔው ነኝ።

«ምን ይደረግ፣ ባሕሩ ነው» አለች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር! ጭራሽ ሻይ ቀዳችልኝ።

«እንዴት ነው ሻዬ?»

«እጅሽ ይባረክ፣ ማር ነው።»

ትክ ብላ አየችኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 12
በኡም ጃሲብ ደጅ ላለማለፍ ዞሬ ሄድኩ። በዚህ ሽበቴ!

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 14
ውኃው ሞላ። ደግሞ አፌን ያያሉ።

«አይከፈት» አልኩ። «ምላሴ ሞቷል። ያን ቀንም ጣዕሙ ምንም አልታወቀኝም፤ ዋሸኋችሁ። ኡም ጃሲብ፣ ሎሚሽን የፈጀሁት እኔ ነኝ።»

ኡም ጃሲብ ጎንበስ ብላ ቀዳች፣ ቀመሰች፣ እንትፍ አለች። «ጨው ነው። ዝጉ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ያን ቀን ሻይህ ውስጥ የጨመርኩት ስኳር አልነበረም፣ አቡ ዓጂል። ጨው ነው። እስክትናገር ነው የጠበቅኩህ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት...

«ደግሞ አፍረህ እንዳትቀር» አለችኝ። «በሩ ለእኔ ይከብደኛል።»

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 17
ነፋሱ ዞረ። እሷ ቀመሰች። «ክፈት» አለችኝ፣ ከፈትኩ። ውኃው መጀመሪያ የገባው የደረቁት ሎሚዎች ሥር ነው። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። በሩን ይዤ ቆምኩ።