ደማቸው ንቅንቅ ያላለው የታላቅ እህቴ የሕይወት ታሪክ

ታላቅ እህቴ ከቁልፍ ሠሪ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። እኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተልኩ። መልካችን አንድ ስለነበር ጎረቤት ሁሉ ያምታታን ነበር። በጠባይ ግን አንገናኝም፤ እሳቸው «ሚዛን» ሲባሉ እኔ «ቅብጥብጥ» ተባልኩ። ይህን ታሪክ እንድጽፍ የተመረጥኩት አብሬያቸው ስላደግሁ ነው። ቅናቴም አብሮን አድጓል፤ ዛሬ አልደብቀውም።

ትምህርታቸውን ከክፍላቸው አንደኛ እየወጡ በ1965 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በ1967 ዓ.ም. በሆስፒታል የልብስ ክፍል ተቀጥረው አንሶላና ጋዋን በመስፋት ሠላሳ አምስት ዓመት አገልግለዋል። በ1970 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ሰውዬውን መጀመሪያ ያየኋቸው እኔ ነበርኩ። ይሁን፣ እሱን ትቼዋለሁ።

በ1985 ዓ.ም. ሐኪሞች በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ የሚለኩ ነገሮች ዓመታት ሲያልፉ ምን ያህል ባሉበት እንደሚቆዩ ለማጥናት ፈቃደኞችን ፈለጉ። እህቴ በሰዓቱ ተገኝተው ተመዘገቡ። እኔ አርፍጄ ብደርስ ቦታው ሞልቷል ተባልኩ። እሳቸው በየሦስት ወሩ ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ደም ይሰጡ ነበር፤ ውጤታቸውም ከዓመት ዓመት ያው ነው። ቤተ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር የእሳቸው ደም ሲወደስ አንጀቴ እርር ይል ነበር። እኔ ደም የሌለኝ ይመስል!

በ1991 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ልጃቸው ታማባቸው ቤት ሲቀሩ፣ የቀጠሮ ካርዳቸውን ከመሳቢያ ወስጄ በስማቸው ደም ሰጠሁ። ነርሷ ለቦታው አዲስ ነበሩ። ለአንድ ቀን እንኳ «ሚዛን» መባል አምሮኝ ነው፤ ደም ሊሰጡ የመጡት ሌሎቹ እሳቸው መስያቸው ተባልኩም። ማንም ስላልጠየቀኝ፣ ማሽኑም አልለየንም፣ የሳቸው ደም ከእኔ አይበልጥም እያልኩ ሃያ አምስት ዓመት ስጽናና ኖርኩ።

እህቴ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በ69 ዓመታቸው መጋቢት 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

ትናንት እኚያው ነርስ ለልቅሶ ሲመጡ የእህቴን የውጤት ደብተር ለመታሰቢያ ይዘውልን መጡ። ጥናቱ የቆየበት የአሥራ ሰባት ዓመት ቁጥር ሁሉ ባለበት ነው። በዚያች ቀን ብቻ ስኳሩ እጅግ ከፍ ብሎ ተሰርዟል። ከጎኑ፣ በዚያው ሳምንት ስለ ውጤቱ ተጠርተው ሲጠየቁ በጻፉት በእህቴ የእጅ ጽሑፍ «ይቅርታ፣ ቁርስ በልቼ ነበር» ይላል።

እህቴ ያን ቀን ከቤት አልወጡም። ደሙ የማን እንደሆነ ገብቷቸዋል። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ «ስኳርሽን ተለኪ» እያሉ ሲነዘንዙኝ፣ በጤናቸው የሚኩራሩብኝ መስሎኝ ነበር። አፋቸውን ለማስያዝ ሄጄ ተለካሁ፤ በሽታው ተገኘብኝ፣ በጊዜው መታከም ጀመርኩ። እህቴ በሕይወታቸው የጻፏት አንዲት ውሸት ለእኔ ነበረች። በዚህም በለጡኝ።

ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ የዋሆችን በሚያሳርፍበት ያሳርፋቸው፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።

ዛሬ ጠዋት ቁርሴን በልቼ፣ ኪኒኔን ውጬ መጥቻለሁ።