ለሚኪያስ የተገዛው ሙከይፍ

ሐሙስ፣ መጋቢት 20

እናቴ ዛሬ ቁርጡን ነገረችኝ። እስከ ሰኞ ይህ ቤት ካልቀዘቀዘ ሚኪያስን ይዛ ወደ ደጋ፣ ወደ ዳባት ትመለሳለች። የልጁን ልብስ እያጣጠፈች ነው የተናገረችው፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። የሦስት ወር ልጄ ከአንገቱ እስከ ወገቡ በሙቀት ሽፍታ ቀልቷል። ቀን ቀን ጡት እምቢ ይላል። የምንኖርባት ሽንፋ በመጋቢት እንዲህ ናት፤ ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ ይንጣጣል፣ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ራሱ ያቃጥላል።

«ሰናይትን አሳድጌ የለ? እሱንም አሳድገዋለሁ» አለች።

የሚያመኝ እዚህ ላይ ነው። ሰናይት የመጀመሪያ ልጄ ናት። እንደ ሚኪያስ ሕፃን ሳለች፣ በዚሁ ቤት፣ በትኩሳት ልትሞትብኝ ስትል እናቴ ወደ ደጋ ወሰደቻት። ለጊዜው ነበር። አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። እናቴን «እማ» ትላታለች፤ እኔን እንደ አክስቶቿ «አልሜ» ብላ በስሜ ትጠራኛለች። ለበዓል ስሄድ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ትደበቃለች። ከረሜላ ይዤ እለማመጣታለሁ፣ የገዛ ልጄን።

ሁለተኛውን አልሰጥም። የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ማስተማር ጀምሬያለሁ፤ በእረፍት ሰዓት እየሮጥኩ መጥቼ አጠባዋለሁ። ይህን ያህል ሮጬ ለአውቶብስ አላስረክበውም።

ዓርብ፣ መጋቢት 21

ከደሳለኝ ጋር ስለ ማቀዝቀዣ ስንጨቃጨቅ አመሸን። ባሌ ነው፣ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሠራል፤ ከራሱ ሌላ ሰው ዕቃ መምረጥ የሚችል አይመስለውም።

ያለን ኃይል ይኸው ነው፦ ጣሪያ ላይ አንድ ሶላር፣ አልጋ ሥር አንድ ባትሪ። ሁለት አምፖል፣ ስልካችን፣ የእሱ ቴሌቪዥን። አለቀ። ከዚህ ተነሥተን ነው የምንመርጠው።

ኤሲ። የአንድ ሰሊጥ አምራች ባለሀብት ካምፕ ውስጥ አይቶ ልቡ ሸፍቷል። ያ ኤሲ በትልቅ ጄኔሬተር እንደሚሠራ እሱም ያውቃል። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖበት «ትንሹን ብንገዛ ይችለዋል» ይላል። ባትሪያችን ትንሹንም ቢሆን ለማስነሣት አቅም የለውም።

ቬንትሌተር። እኔ የፈለግሁት። ባትሪ ላይ በቀጥታ የሚሰካ አለ፣ ኃይል አይበላም። ደሳለኝ «ያንኑ ትኩስ አየር ነው የሚያመላልስልሽ» አለ። እውነቱን ነው፣ አልካድኩም።

የውሃ ሙከይፍ። ድንበር ማዶ ሱዳኖቹ ቤት ያለው። በገለባ የተሞላ ሳጥን ነው፤ ገለባው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ማራገቢያው በእርጥቡ ገለባ ውስጥ አየር ይስባል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ዓይነት አለ።

ደሳለኝ «እማማ፣ እርስዎ ይፍረዱን» አላት እናቴን። እናቴ ቬንትሌተር የሚለውን ስትሰማ አማተበች። ጨቅላ ላይ ነፋስ ለቅቆ የሚተኛ ሰው አይታ አታውቅም። ሳጥኑን ግን ፈቀደች፤ ክንፉ ከውጭ ስለማይታይ ይመስለኛል።

ሙከይፍ ይሁን ተባለ። ደግሞስ ደረቅ ሙቀት ነው ያለን፣ ለእሱ የተሠራ ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 22

ደሳለኝ በማለዳ መተማ ዮሐንስ ወርዶ፣ ወደ ሱዳኗ ገላባት ተሻግሮ፣ ሳጥኑን አውቶብስ ላይ አስጭኖ መጣ። ላብና አቧራ ለብሶ፣ ግን አገር ያቀና ይመስል ይጎማለላል።

ሻጩ የነገረውን ደጋግሞ አስተማረን። ሳጥኑ አንዱ መስኮት ላይ ይቀመጣል፣ ጀርባው ወደ ውጭ። ውሃ አይጓደልበትም። በርና ሌላው መስኮት ይከፈታል፤ የገባው አየር መውጣት አለበት። «ካልወጣ ቤቱን ውሃ ታደርጉታላችሁ» ብሎታል። እናቴም ቁጭ ብላ ሰምታለች።

ሰካነው። መጀመሪያ የገለባ ሽታ ሸተተ። ቀጥሎ ቀዝቃዛ አየር መጣ፣ እውነተኛ ቀዝቃዛ። ሚኪያስ ዓይኑን ከፍቶ ወደ ሳጥኑ ዞረ፤ ከዚያ ጡቴን ያዘ፣ እስኪጠግብ ጠባ። አለቀስኩ። ደሳለኝ አይቶኝ ሳቀብኝ፤ ይሳቅ።

እሑድ፣ መጋቢት 23

ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስመለስ በሩ ተዘግቷል። ስገፋው አልከፈት አለኝ፤ ከሥሩ ጨርቅ ተወትፎበታል። በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ። ሌላው መስኮትም እንደዚያው፣ በጋቢ ተደፍኗል። ሙከይፉ ይሠራል።

ውስጡ የልብስ ማጠቢያ ቤት ሆኗል። አንሶላው ረጥቧል፣ ግድግዳው አልቦታል፣ አየሩ አይተነፈስም። ሚኪያስ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ ይነፈርቃል። ስገልጠው ሽፍታው ውሃ ቋጥሯል።

እናቴ አጠገቡ ተቀምጣለች፣ እሷም በላብ ተዘፍቃ። «ሁለት ቦታ ተከፍቶ ነፋስ ሲያልፍበት ዝም ብዬ ልይ?» አለችኝ። «ዕቃችሁም አልረባ።»

ከኋላዬ የገባው ደሳለኝ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ሰኞ፣ መጋቢት 24

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ከሄድኩ ስመለስ ልጄን አላገኘውም ብዬ ፈራሁ። እናቴ ሻንጣዋን በር ላይ አድርጋለች፤ የሚኪያስ ልብስ ከላይ አለ።

ትናንት አልደፈርኩም ነበር፤ ዛሬ ጨርቁን ከበሩ ሥር ነቀልኩ። ጋቢውን አወረድኩ። መስኮቱንም በሩንም በረገድኩት።

«አንች ልጅ፣ በነፋስ ልትገድይው ነው?»

«በሰናይት ጊዜስ?» አልኳት። ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። «ያኔስ ማን ነበር የዘጋው?»

ስናገረው ነው የታየኝ። ያኔም አራስ ቤት ነው ተብሎ ስንጥቁ ሁሉ ተደፍኖ ነበር። ያኔም ልጄ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ነበር። እኛ ግን የሽንፋ ሙቀት ነው አልን፣ የቆላ ዕጣ ነው አልን። ዳባት ቤት የሚዘጋው ውርጭ ስላለ ነው። እናቴ የምታውቀውን አገር ይዛብኝ መጣች። ልጄን ያሳጣኝ የተዘጋ በር ነው።

ይህን ሁሉ ነገርኳት፣ አንድም አላስቀረሁም። ደነገጠች። አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጥታ ደጃፋችን ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ልከተላት ብዬ ተውኩት። አሁንም ስጽፍ ተናድጃለሁ።

ቤቱ ግን ደረቀ። ምሳ ሰዓት ላይ ሚኪያስ ተኛ። አውቶብሱ ያለ እነሱ ሄደ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 25

ሽፍታው መድረቅ ጀምሯል። ትናንት ወደ ማታ ባትሪው ደክሞ ሙከይፉ ሲያንቀላፋ ደሳለኝ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን ነቀለ፣ ጨርቅ አልብሶ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለው። ኳስ ሻይ ቤት ያያል። ይህን ሰውዬ አንዳንዴ እወደዋለሁ።

እናቴ አታናግረኝም። ግን ከትምህርት ቤት ስመጣ በሩ ክፍት ነበር፤ ልጁን ነፋሱ ከማያገኘው ጥግ አስተኝታ፣ ራሷ ውሃ እየሞላች ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 26

እናቴ ሄደች። ብቻዋን። አውቶብሱ ጋ ሚኪያስን ተቀብላ ግንባሩን ሳመችው፣ ለእኔ መለሰችው። ከዚያ ሳታየኝ፣

«ሰናይትን ልላክልሽ። ቤትሽ ለልጅ ሆኗል» አለች።

ጉልበቷን ሳምኩ። ከዚህ በላይ ይቅርታ ከእናቴ አልጠብቅም። ቀኑን ሙሉ የሰናይትን አልጋ የት እንደማደርግ ሳስብ ዋልኩ። የኔ ክፍል ውስጥ ብትማር። ጸጉሯን እኔ ብሠራት።

ዓርብ፣ መጋቢት 28

እናቴ ደረሰች፤ ወደ እኔ እንደምትመጣ ትናንት ለሰናይት ነግራታለች። ዛሬ ደወልኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፦ ቤታችን ቀዝቅዟል፣ ወንድም አለሽ፣ እንዲህ ያለ ሳጥን አለን። እናቴ ስልኩን ልትሰጣት ስትል ከወዲያ ድምጿን ሰማሁ፣ እያለቀሰች፦

«እማ፣ ምን አጠፋሁ?»

እናቴ «ምንም አላጠፋሽ የኔ ልጅ፣ እናትሽ ናት እኮ» ትላታለች። እሷ ግን ያንኑ ትጠይቃለች። ከዚህ በኋላ አላጠፋም፣ ውሃም እቀዳለሁ እያለች ትለምናለች። ስልኩን አልቀበልም አለች።

ሚኪያስ አጠገቤ ተኝቷል፣ ግንባሩ እንኳ አልወዛም። እናቴን «አሁን ተያት» አልኳት። ትምህርት ሲዘጋ መጥታ ትየን፣ ካልወደደችው ትመልሻታለሽ አልኳት።